ሰው ስንት ይጠበቃል?

ረውዳ ሥራዋን ስትወደው ለጉድ ነው። ወንበሩ ይሽከረከራል፣ መስኮቱ ኮምቦልቻን ከላይ እስከ ታች ያሳያል፣ ምንትዋብ ደግሞ አጠገቧ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ? ሥራው እንደሆነ ምንም አያስቸግርም። ጣት ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል። ደግሞም የሚፈለገው ጣቷ ብቻ ነው።

ጠዋት ትገባለች፣ ኤዲተሩን ትከፍታለች፣ ያ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣል፣ ከዚያ አሮጌው ኮድ ይወርዳል። ቤትን ለሥራ ሄዶ ውሃው፣ ባሕሩ ማለት ነው፣ ላይ ካለ ሰው ጋር የሚያገናኘው ኮድ ነው፤ የጻፉት ሰዎች ሁሉ ሞተው አልቀዋል። ማሽኑ ከጎኑ አዲሱን ይጽፍላታል። እሷ ታየዋለች፣ አንዲት ቁጥር ትሞላለች፣ ትጫናለች። አሮጌው ይጠፋል፣ አዲሱ ይገባል። ከዚያ ሌላ ሰፈር ይመጣል።

ቁጥሯ የመጠበቂያ ገደብ ናት። አንድ ሰው ተጠርቶ ዝም ካለ ስንት ሰከንድ ይጠበቅ? አሮጌው ኮድ ይሄ ነገር ጨርሶ የለውም። ይጠራል፣ ይጠብቃል፣ መልሶ ይጠራል፣ ይጠብቃል፤ በቃ እንደዚያው ሲል ነው የሚኖረው። ሕጉ ሌላውን ሁሉ ለማሽን ሰጥቶ ይቺን ቁጥር ግን ሰው ይሙላት ይላል። ሰውን ስንት እንደሚጠብቁት የሚወስን ሰው ነው ተብሎ። ስለዚህ እንደ ረውዳና እንደ ምንትዋብ ያሉ፣ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛን የጨረሱ ልጆች ተቀጠሩ። ሁሉም ሰላሳ ነው የሚሞሉት። አለቃቸው እትዬ ሮማን መጀመሪያ ቀን «ሰላሳ ደህና ነው» ስላሉ ነው፤ ለምን ደህና እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ኮዱ ለምን ይታደሳል ለሚል ደግሞ፣ መጠበቅ ያሞቃል። ከመሥሪያ ቤቱ ሥር ያሉት ማሽኖች ያልመለሱ ሰዎችን ሲጠብቁ ቀን ከሌት ይግላሉ፣ የቦርከና ወንዝ እነሱን አቀዝቅዞ ሲወጣ ይሞቃል። ሰፈርተኛው ለምዶታል። ልብስም ሕፃንም እዚያው ነው የሚታጠበው። ረውዳ ራሷ ፀጉሯን የምትታጠበው በሱ ነው፤ ፀጉር ሲያለሰልስ አይጣል ነው!

በየቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ አንድ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ውሃው ላይ ያለው ሰው መልሷል ማለት ነው፣ ፊቱ ይመጣል፣ ይወራል። ቢጫ ከሆነች ገና እየተጠበቀ ነው። አዲሱ ኮድ በገባበት ግን ሰላሳ ሰከንድ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው መብራቱ ድርግም ይላል። የሐርቡ ከተማን ኮድ ቀይረው የጨረሱ ሰሞን ረውዳ በአውቶብስ ስታልፍ ከተማው ድንኳን በድንኳን ሆኖ አየችው።

«ዛሬ ሰርግ ነው እንዴ?» አለቻት ምንትዋብን።

ሰርግ አልነበረም። ምንትዋብ አንዴ አየችና «እ… የኛ ሥራ ነዋ» አለች። ከዚያ ስለ ጆሮ ጌጥ አወሩ።

የነረውዳ ቤት መብራት ቢጫ ነው። እናቷ ሉባባ ወደ ውሃው የሄደችው ረውዳ የፊት ጥርሷን ስትቀይር ነው፤ እዚያ የሚንሳፈፉት ከተሞች ላይ የጨው ማጣሪያ ልታጸዳ። መጀመሪያ መጀመሪያ መብራቷ አረንጓዴ ነበር። አንድ ቀን ቢጫ ሆነና በዚያው ቀረ። አባቷ እብሬ ማታ ከጋራዥ ሲመጣ ጫማውን እያወለቀ መብራቷን «ሉባባ፣ እንዴት ዋልሽ?» ይላታል። ትንፋሽ ሳይወስድ ደግሞ «ረውዳ፣ እራት ምንድን ነው?» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ድምጽ ነው የሚለው።

የሰፈሩ ግማሽ እንዲሁ ነው። በቅሬው ደንብ ደግሞ፣ ሌላው አገር እድር በሚለው ማለት ነው፣ መብራቱ ቢጫ ለሆነ ሰው አይለቀስም። እንዴት ይለቀሳል? እየተጠበቀ እኮ ነው! ድንኳን አይተከል፣ ዱዓ አይደረግ፣ የቀረው ባል ወይ ሚስት ሌላ አያገባ። ስለ ሉባባ የጠየቀ ሰው ቢኖር «መንገድ ላይ ናት» ነው የሚባለው።

እና አንድ ቀን ከምሳ በፊት ምንትዋብ የረውዳን ስክሪን አየችና ጮኸች።

«ኧረ! ረውዲና! ሰፈርሽ መጣ!»

«የቱ?»

«ቦርከና ዳር! እይው፣ እናንተ ቤት ራሱ ይኖራል።»

ረውዳ ሳቀች። ሳቁ ቀድሞ ስላመለጣት እንጂ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። «ተይ ባክሽ፣ አታሟርቺ።»

«እኔ ምን አሟረትኩ? ሞልተሽ ተጫኚና እንብላ። ወይ እኔ ልጫንልሽ?»

«አይቻልም፣ ጣቱ የኔ መሆን አለበት።»

«እንግዲያው ጣትሽን አምጪው፣ እኔ እገፋልሻለሁ!» ብላ ምንትዋብ እጇን ያዘቻት። ሁለቱም ተንከተከቱ፣ የኋላዎቹ ልጆች «ዝም በሉ እንጂ!» አሏቸው።

ረውዳ ዓይኗን ጨፈነች። የሰፈሩን ስሞች ማየት አልፈለገችም፣ በተለይ አንዱን። ጣቷ ቁልፉን በዳበሳ አገኘው። ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» አላት። ለሁሉም ሰፈር ነው እንደዚያ የሚላት፣ እንደ ሰላምታ ሆኗል። ተጫነች። ዓይኗን ስትገልጥ ሌላ ሰፈር መጥቶ ነበር።

«በቃ?» አለች ምንትዋብ።

«በቃ። ምሳ ምን ይዘሻል?»

አዲስ የገባ ኮድ ሥራ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ መብራቷ ቢጫ እንደሆነች ናት። አባቷ መጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሉባባን ሰላም አላት። ረውዳ እንቁላል እየጠበሰች ነበር።

«አባዬ።»

«እ።»

«ጨው ይጨመርበት?»

«ጨምሪ።»

ልትለው የነበረው ሌላ ነበር። ግን እንቁላሉም ሊያር ነው፣ ደግሞ ምን ብላ ትጀምረዋለች?

ጎህ ሲቀድ ሰው በር ላይ ነበር።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። በግድግዳ አይነገርም፣ በመልእክት አይላክም፣ ነውር ነው። ይሄ ሁሉ ነገር ሲቀየር ያልተቀየረ ቢኖር ይሄ ነው። መብራት ሲጠፋ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለቅሬው ዳኛ ለጋሽ ሙሄ ነው፤ እሳቸው ሰው ሰብስበው፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በእግራቸው ሄደው በአፋቸው ይናገራሉ። ያን ዕለት የገጠማቸው ግን ጉድ ነው። መብራቱ የጠፋው የሰፈሩ ሁሉ ነው! ቢጫውም ጠፍቷል፣ አረንጓዴውም ጠፍቷል። አብረዋቸው የወጡት ሰዎች ሌላውን ሊያረዱ ሲሄዱ የራሳቸው ቤት ጋ ይደርሳሉ፤ እዚያው ተረድተው እዚያው ይቀራሉ። እንደዚያ እያለ ከጋሽ ሙሄ ጋር ያለው ሰው በየቤቱ እየሳሳ ሄደ። የነረውዳ ጎረቤት እትዬ ስንዱ «ልጄ ማህደር? ኧረ ትናንት እኮ አውርታኛለች!» ብለው ነበር። ጋሽ ሙሄ አንገታቸውን ደፉ። መርዶ አይከራከሩትም። እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጮኹ።

እነረውዳ ቤት ሲደርሱ ሦስት ሰው ነው የቀረው። አባቷ ሰዎቹን አየ። ዞሮ ግድግዳውን አየ። መብራት የለም።

«እሺ» አለ።

ተቀመጠ። ከዚያ አለቀሰ። ረውዳ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ እንደ ሳል ነው የሚያደርገው፣ ሊያቆመው ይላል፣ መልሶ ይመጣበታል። ውሃ ሰጠችው። ጠጣና መልሶ አለቀሰ። የሷ ልብ ግን ምንም አላላት። ጥርስ ሲነቀል ማደንዘዣው ከንፈርን የሌላ ሰው ከንፈር እንደሚያደርገው፣ እንደዚያ። ወጥታ ለቅሬው ልጆች ገመድ ያዘችላቸው።

ለዚያ ሁሉ ለቅሶ አንድ ድንኳን ስለማይበቃ ሦስቱን አጋጥመው መንገዱ ላይ ተከሉት። ሰፈሩ በሙሉ ገባ። ማን ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገባው። አንዱ «አላህ ያጽናህ» ሲል ሌላው «አንተንም» ይለዋል፣ እንደ ዓመት በዓል። ጋሽ ሙሄ ሁሉን አርድተው ሲጨርሱ የራሳቸው ልጅ መብራት መጥፋቱን አስታወሱ። የሚያረዳቸው ሰው ስላልቀረ ራሳቸው በራፋቸው ላይ ትንሽ ቆሙና መጥተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው ከእትዬ ስንዱ መስኮት ድምጽ የመጣው።

«እማዬ! የት ሄዳችሁ? ቤቱ ለምንድን ነው ባዶ የሆነው?»

ድንኳኑ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከውሃው ወደ ቤት የሚጠራው መስመር ሌላ ነው፣ የረውዳ ጣት አልነካውም።

«ማነው?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ማህደር ነኛ!»

«ማህደር ሞታለች!» አሉ ተቆጥተው።

«ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እማዬ፣ ቁርስ እየበላሁ ነው እኮ!»

እትዬ ስንዱ ሮጡ። ነጠላቸው ድንኳኑ ውስጥ ቀረ። ወዲያው ከማዶ መስኮት ሌላ ድምጽ «አባ! ኧረ አባ!» አለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የጋሽ ሙሄ ልጅ። ሰው ግማሹ እልል ይላል፣ ግማሹ ለማን እንደጀመረው ረስቶት ያለቅሳል፣ አንዷ ሴትዮ ስቀው ስቀው ትን አላቸው። የሚጠራው ቤት ሁሉ ይወጣል፣ ያልተጠራው ደግሞ ባለበት ሆኖ መስኮቱን ያያል። አባቷም የቤታቸውን መስኮት ያይ ነበር።

ረውዳ ያኔ ነው የገባት። ሰላሳ ሞልቼ የለ እንዴ? አለች በልቧ። ከዚያ የጨፈነችው ዓይኗ ትዝ አላት፣ እጇም ትዝ አላት፤ ቁልፉን እንጂ ቁጥሯን አልነካችም። ለማንም ሳትናገር ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደች። አልሮጠችም።

እትዬ ሮማን ሻይ ይዘው ወንበሯ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው።

«ባዶ ነው የተውሽው» አሏት። «ባዶ ማለት ዜሮ ነው። ሰዎቹ አቤት ሳይሉ ተቆረጡ።»

«ይቅርታ፣ እትዬ ሮማን።»

«አስተካክዪና ላኪው። ስትጨርሺ የቀጣዩን ከተማ ጀምሪ፣ ወደ ኋላ ቀርተናል።» ሻያቸውን ይዘው ሄዱ። በቃ! ቁጣ የለ፣ ምን የለ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፣ ቢያንስ ታለቅስ ይሆናል።

ኤዲተሩን ከፈተች። አሁን ዓይኗን አልጨፈነችም። ቦርከና ዳር መጣ። ሰላሳ ሞላች። ከመላኳ በፊት መስመሮቹ አንድ በአንድ እንዲሞከሩ አዘዘች። ማህደር አምስት ሰከንድ ፈጀባት፣ መለሰች። የጋሽ ሙሄ ልጅ ቆየ፣ ቆየ፣ ሃያ አለፈ፣ መለሰ። ውሃው ሩቅ ነው። ሰላሳ ሰከንድ ሙሉ ዝም ያሉም ነበሩ፤ ዝም እንዳሉ አለፉ።

ሉባባ ላይ ሲደርስ ሰላሳውም አላስፈለገም። መልሱ ሰከንዱ ገና መቆጠር ሳይጀምር ነው የመጣው። «በዚህ አድራሻ የነበረችው ሰው የለችም» ይላል።

ረውዳ መልሱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አሮጌውን ኮድ መልሳ አመጣችውና፣ እንደ ምንም ብላ፣ ከላይ ጀምራ ማንበብ ጀመረች። እስከዛሬ አጥፍታው እንጂ አንብባው አታውቅም። ረጅም አልነበረም። «አለሁ» የሚል መልስ ከመጣ መብራቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ሌላ ምንም ይምጣ ምን ይጥለውና መልሶ ይጠራል። እምቢ ቢሉት ይጥለዋል። የለችም ቢሉት ይጥለዋል። ቢጫ ከሆነችበት ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሲነግሩት ነው የኖሩት።

ምንትዋብ ወንበሯን እየገፋች መጣች። አነበበች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀልደው ነገር ጠፋት።

«ረውዲ…»

«እ።»

«የናንተን ብቻ አሮጌው ላይ ተዪውና። አንድ መስመር ናት፣ ማን ያያታል?»

«ቢጫ ይሆናል?»

«ይሆናላ። ሰፈሩ ሁሉ ዛሬ ስህተት ነው ብሎ የለ? አባትሽም ስህተት ነበር ብሎ ያርፋል። እንደ ድሮው ትኖራላችሁ።»

እንደ ድሮው። ረውዳ አባቷ ጫማውን ሲያወልቅ ታያት። ጠዋት እንደ ሳል ያለቀሰውም ታያት፤ ያ ሁሉ ለቅሶ ተመልሶ ወደ ሆዱ ሊገባ ነው? ደግሞስ ሌላ ጊዜ ይወጣል? ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች። ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» አላት። ይሄኔ ጥያቄውን አነበበችው፣ ሥራ ከጀመረች አንብባው አታውቅም ነበር።

ተጫነች።

ሰፈር ስትደርስ ድንኳኑ እየፈረሰ ነው። የቅሬው ልጆች ካስማ እየነቀሉ ይወራወራሉ፣ አንዱ የቡና ረከቦት እንደ ከበሮ ይመታል፣ የማህደር ድምጽ ከመስኮቱ እየወጣ ከሰዉ ሁሉ ጋር ይቀላለዳል። የስህተቱ ወሬ ከመሥሪያ ቤቱ የደረሳቸው ጋሽ ሙሄ ረውዳን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ሳቁ።

«ነይ አንቺ ጉደኛ! ሰፈር ፈጅተሽ አደርሽ አሉ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ረውዳም ሳቀች፣ ፊቷ ራሱ ነው የሳቀው።

አባቷ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጫማውን አድርጓል። ዓይኑ አብጧል፣ ግን ፈገግ ሊል ነው፣ ለመሳቅ ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሰው።

«የኛም ያው ነው አይደል?» አላት። «ተመልሶ ቢጫ ይሆናል?»

«የኛ አይሆንም፣ አባዬ።»

የሚነቅሉት ልጆች ቀስ አሉ። ረከቦቱ ቆመ።

«ስንት ጠበቅሻት?» አለ አባቷ።

ሰላሳ ማለት ትችል ነበር።

«መጠበቅ አላስፈለገም» አለችው። «ወዲያው ነው የመለሱት። ድሮም ወዲያው ነበር የሚመልሱት። ኮዱ ነው ሳይሰማ የኖረው።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ።

«እማዬ?» አለች ማህደር ከመስኮቱ። «ምነው ዝም አላችሁ?»

«ቆይ ማህደርዬ» አሉ እትዬ ስንዱ። «የእብሬ ሉባባ ናት። አርፋለች።»

መስኮቱ ዝም አለ። በሕይወት ያለ ሰው የሚለው ዓይነት ዝምታ ነው፣ ትንፋሽ ይሰማል።

«እንዴ» አለች ማህደር፣ ድምጿ አንሶ። «ዛሬ ነው እንዴ ያረዳችኋቸው?»

ጋሽ ሙሄ ወደ መስኮቱ ቀረብ አሉ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«እኔ እዚህ ገና አዲስ ሆኜ እኮ ነው የቀበርናት። እዚህ ያለነው የሰፈራችን ልጆች ሁላችንም ቀብሯ ላይ ቆመናል። በመስመር መርዶ አይነገርም ብለን ነው ዝም ያልነው። ቅሬው በአፍ ያረዳቸዋል ብለን…»

«ለቅሬውስ ማን ነገረው?» አሉ ጋሽ ሙሄ።



ረውዳ አጠገብ አንዱ ልጅ የነቀለውን ካስማ እንደያዘ ቆሟል፤ ወዴት እንደሚያደርገው አላወቀም። ተቀበለችው። ተንበርክካ ወደተነቀለበት ጉድጓድ መልሳ ከተተችውና በድንጋይ መታችው። ገና ይነቃነቃል። ደግማ መታችው። ሌሎቹም አንድ በአንድ የነቀሉትን ይዘው ተመለሱ። እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን ከመሬት አንስተው፣ አራግፈው፣ እንደገና ዘቀዘቁት።

አባቷ ከምንጣፉ ተነሳ። ጫማውን አወለቀና መጥቶ ገመዱን ያዘላት።